«መረጣችሁን፣ አበቃ»

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ስታርም፣ የጎደለ አራት ነጥብ ስታስገባ ስለኖረች ሁሉም «እትዬ ነጥብ» ይላታል። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰክታ ቀይ እስክሪብቶዋን ከያዘች፣ ሥራ አስኪያጁ እንኳ በአጠገቧ የሚያልፈው ኮቴውን አጥፍቶ ነበር።

ከመጠረዣው ክፍል አጠገብ የሠራተኞቹ ሕፃናት የሚውሉባት ጠባብ ክፍል አለች። ያላት ሦስት ትንንሽ አልጋና አንዲት ሞግዚት ነው። እትዬ ነጥብ በወለደችበት ጊዜ ይህ አልነበረም። አራስ ልጇን ጎረቤት አስቀምጣ ትመጣና፣ ከሰዓት በኋላ ወተቱ ቀሚሷን ሲያርሰው ከወረቀት ቁልል ጀርባ ተደብቃ ታለቅስ ነበር። ክፍሏ የተገኘችው እሷና ጓደኞቿ ከአስተዳደሩ ጋር ሁለት ዓመት ተጨቃጭቀው ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ተገኘ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ክፍሏን ለቢሮው ፈልጓት ኮሚቴውን አስወስኖ ኖሯል። አንዲት ጠራዥ የአምስት ወር ልጇን ታቅፋ፣ የምትገባበት ጠፍቷት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር።

እትዬ ነጥብ ሰውየውን ታውቀዋለች። የማሽን ሠራተኛ ሳለ ማመልከቻውን ያረመችለት፣ ለሊቀ መንበርነት ሲቀርብም እጇን ያወጣችለት እሷ ናት። ሄዳ፣ አባላቱን ሳትጠይቁ እንዴት ትዘጋላችሁ አለችው። ሰሞኑን በሬዲዮ ሁለት ፖለቲከኞች፣ ሪፐብሊክ የሆነ አገር ዴሞክራሲ ነው አይደለም እያሉ ይሟገቱ ነበርና፣ ከዚያ የለቀማትን ይዞ መለሰላት።

«እትዬ፣ አገራችን ሪፐብሊክ እንጂ ዴሞክራሲ አይደለችም። ማኅበራችንም እንደዚያው ነው። አንዴ መረጣችሁን፣ አበቃ። ሁሉም በየነገሩ እጁን ላውጣ ካለ መንጋ ነው የምንሆነው።»

ደሟ ፈላ። ወጥታ ጠረጴዛዋ ጋ ሄደች፤ ከመሳቢያዋም የማኅበሩን ደንብ አወጣች። ሲታተም ያረመችው ራሷ ስለሆነች የምትፈልገው አንቀጽ የት እንዳለ አልጠፋትም። ከአባላቱ ሲሶው ከፈረመ ጠቅላላ ጉባኤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መጠራት አለበት ይላል። አባላቱ መቶ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሠላሳ ስምንት ፊርማ ይበቃታል።

አራት ቀን ምሳዋን ትታ ከክፍል ክፍል ዞረች። ወረቀት ቆራጩ ልጆች እንዳሉት ነግሯት ተዪኝ አላት፤ ልጆች ስላሉህ አይደል እንዴ የመጣሁት ብላ ተቆጣችው። አልፈረመም። ጥበቃው ደግሞ፣ ንጉሥ ከሌለን ሌላ ምን እንፈልጋለን ብሎ ተከራከራት። ንጉሥ አለመኖሩ ጓጉንቸሩን ከፈተልን ወይ ስትለው ስቆ ፈረመ። በአራተኛው ቀን ፊርማው ሃምሳ አንድ ደረሰ።

ስብሰባው በወረቀት መጋዘኑ ውስጥ ተደረገ። ሊቀ መንበሩ አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ተወካዮች ጥበብና ስለ ብዙኃኑ ስሜታዊነት አወራ። ተራዋ ሲደርስ እትዬ ነጥብ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ተወካይ ይወስን፣ አልቃወምም። በየቀኑ እጃችንን እናውጣ ያለም የለም። ሪፐብሊክ ማለት ወንበሩ የማንም ርስት አይደለም ማለት ነው። የተቀመጠበትን ሰው መጠየቅ ካልቻልን ግን፣ ከርስት በምን ተለየ? አንተን የመረጠህ ይኸው እኛው ነን። ያን ቀን ሰው ነበርን። ዛሬ ስንጠይቅህ ነው መንጋ የሆንነው?»

ድምፅ መስጠት ተጀመረ። ጠራዧ ልጇን በአንድ እጇ እንደታቀፈች ሌላውን አወጣች። ክፍሏ ትከፈት ያሉት ሃምሳ ስምንት፣ ትዘጋ ያሉት አርባ ሰባት ሆኑ። ቀጥሎ አንዱ፣ ሊቀ መንበሩም ይነሳ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ይህኛው በሰባት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ለክፍሏ አብረዋት ሁለት ዓመት ከተጨቃጨቁት ሴቶች ሁለቱ፣ ሰውየው ይቆይልን ብለው እጃቸውን ሲያወጡ በዓይኗ አየች።

በማግስቱ ጓጉንቸሩ ተነሳ፤ ሕፃናቱም ገቡ። ባልደረቦቿ ክፍሏን አስከፍተሽ ምን ያስኮርፍሻል ብለው ቀለዱባት። እሷ ግን ያስቆጣት ነገር ገና አልወጣላትም ነበር። ሰውየው ክፍሏን መለሰ እንጂ ያችን «መንጋ» የምትል ቃል አልመለሰም። ሁለቱን ሴቶችም ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ጠየቀቻቸው። አንደኛዋ፣ ክፍሏን ፈለግሁ እንጂ ጠብ አልፈለግሁም አለቻት። እትዬ ነጥብ መልሱ አልጣማትም፤ ሆኖም ድምፁ የሴትዮዋ ነውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዓመቱ የኮሚቴ ምርጫ ሲደርስ ጠራዧን ጠቁማ አስመረጠቻት። ሊቀ መንበሩ አሁንም ማስታወቂያዎቹን እንድታርምለት ይልክላታል። ፊደሉን አቃንታ ትመልስለታለች፤ በኮሪደሩ ሲገናኙ ግን ሰላም አትለውም።