ልጆቹ ያልተቀመጡበት ሶፋ

ፖሊክሴኒ የእናቷን ቤት ለማከራየት ከወሰነች ስምንት ወር አልፏታል፤ ከነዕቃው ይሁን ባዶውን ግን ቁርጡን መናገር አልቻለችም። በግሪክ አገር በካቫላ ከተማ፣ ወደቡን ቁልቁል በሚያየው ዳገት ላይ፣ ቁልፏን ይዛ ደረጃውን በወጣች ቁጥር መልሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚጠብቃት ይመስላታል። የሚጠብቃት ግን ያው በነጭ አንሶላ የተከፈነው የሳሎን ዕቃ ነው፦ ቡፌው፣ ስድስቱ ወንበሮች፣ የወይን ጠጅ መልክ ያለው የከፈይ ሶፋ።

በልጅነቷ ያ ሳሎን በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ይከፈት ነበር። በአባቷ የስም ቀን፣ የስሙ ቅዱስ በሚታሰብበት ዕለት፣ እናቷ ማላማ የመስኮቱን መዝጊያ ወለል ታደርገዋለች፤ የናፍታሊኑ ሽታ ከባሕሩ ነፋስ ጋር ይቀላቀላል፤ በብር ትሪ ላይ በስኳር የበሰለ ቼሪ በትንሽ ማንኪያ፣ ከጎኑም ቀዝቃዛ ውኃ ይቀርባል። ልጆቹ በበሩ ስንጥቅ ያያሉ። ታላቋ ኡራኒያ ደግሞ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ባዶ ማንኪያ ይዛ፣ እንግዶቹ አንድ በአንድ እንዴት እንደሚልሱ እያስመሰለች ፖሊክሴኒን በሳቅ ትገድላት ነበር። ያን ሳቅ ፖሊክሴኒ ዛሬም ደረጃው ላይ ትሰማዋለች።

ኡራኒያ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሳንባዋን ታመመች። የተኛችው ፀሐይ በማያውቀው ወጥ ቤት፣ በታጣፊ አልጋ ላይ ነበር። አንድ ቀን፣ «እማ፣ ፀሐይ ያለበት አስተኚኝ» አለች። ፀሐይ ያለው ሳሎን ነበር።

«ሰው ቢመጣስ?» አለች ማላማ።

ፍርዱ በእነዚህ ሁለት ቃላት ተሰጠ። ጥፋቱን በድህነት ማሳበብ አይቻልም፤ ክፍል ነበረ፣ ፀሐይ ነበረች፣ ሶፋ ነበረ። በዚያ የብርድ ወራት ማንም አልመጣም። በመጋቢት ኡራኒያ ሞተች፤ ያን ጊዜ አንሶላው ተገፈፈ፣ መዝጊያው ተከፈተ፣ ሣጥኗም ፀሐዩ በሚያርፍበት ወለል ላይ ተቀመጠ። ለቀስተኛ መጥቷልና።

ማላማን ብቻ መክሰስ ግን ፍርድ ማጓደል ነው። አባትየው አይቶ ዝም ብሏል። ጎረቤቶቹም ትሪውን ሲቀበሉ ያመሰገኑት የከፈዩን አለመንጣት ነበር። ፖሊክሴኒ ራሷም፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ ለሃያ ዓመት፣ በየፋሲካው አንሶላውን አጥባ መልሳ አልብሳለች።

«አክስቴ፣ ባዶውን ስጪው» ይላታል የወንድሟ ልጅ ስትራቶስ፣ ማከራየቱን የያዘላት። «አልጋውን ተሸክሞ የገባ ተከራይ ቶሎ አይወጣም። ይሄን ደግሞ በላስቲክ ጠቅልዬ ምድር ቤት አስቀምጥልሻለሁ። ትንኝ አይነካው!»

«ለማን?»

«ምን ለማን?»

«ለማን ነው የምታስቀምጠው?»

ስትራቶስ ራሱን አከከ። «እንዴ! ዕቃ አይደል? ይቀመጣላ!»

ባዶውን ብትሰጠው፣ የተዘጋው ሳሎን ምድር ቤት ወርዶ ይቀጥላል። ከነዕቃው ብትሰጠው፣ እህቷ የተከለከለችበት ላይ ባዕድ ይንጋለልበታል። ስምንት ወር ያለፈው በዚህ መሃል ነበር።

በመስከረም ሜልፖ የምትባል ወጣት መምህርት ከላሪሳ ከተማ ተዛውራ መጣች፤ ያላት ሁለት ሻንጣና አንድ ብስክሌት ነው። ስትራቶስ፣ ለማሳየት ያህል፣ አንሶላውን ገፈፈ።

«ይቀመጡ እንጂ መምህርት፣ ምን ቆመው ይቀራሉ?»

«ኧረ አልችልም!» አለች ልጅቷ እየሳቀች። «እኛም ቤት እንዲህ ያለ አለ። ከተቀመጥኩ እናቴ ላሪሳ ሆና የምትጮህብኝ ነው የሚመስለኝ።»

ስትራቶስ ሳቀ። ፖሊክሴኒ አልሳቀችም። ከእሷ በአርባ አምስት ዓመት የምታንስ ልጅ፣ በሰው ቤት፣ እናቷ በሌለችበት፣ ከሶፋው አንድ እርምጃ ርቃ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ከነዕቃው ነው» አለች ፖሊክሴኒ። «ውሉ ላይ ጻፍ።»

«እሺ፤ እንግዲህ "ዕቃዎቹን በተረከበችበት ሁኔታ ትመልሳለች" ብዬ...»

«እሱን ሰርዘው።»

«አክስቴ፣ ደንብ ነው እኮ!»

«ሰርዝ አልኩህ። "መዝጊያው ቀን ቀን አይዘጋም" በል።»

ሄዳ መዝጊያውን ገፋችው። ከዚያም፣ በሰባ ዓመት ዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ከፈዩ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንሿሿና ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተረተረ። ከፀሐይ ሲሸሸግ የኖረው ጨርቅ እዚያው ጨለማው ውስጥ በስብሶ አልቆ ኖሯል።

«ወይኔ!» አለ ስትራቶስ።

«ጻፍ» አለች ሳትነሳ። «አንድ ሶፋ፣ የተቀደደ።»

«ማን ቀደደው ልበል?»

«የሶፋው ባለቤት።» ከጎኗ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «ነይ ልጄ፣ ፀሐዩ በዚህ በኩል ነው።»