ከኡናባራዎች የቀረችው

እትዬ ኪኑኤ ልጅ ሳሉ የቤተሰባቸውን ስም ማንም ጠርቶት አያውቅም ነበር። በደሴታችን ሁሉም ሰው ኡናባራ ነውና። ድሮ፣ ተራው ሰው የቤተሰብ ስም ይያዝ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ግራ ገብቷቸው መነኩሴውን ጠየቁት። እሱም በመስኮት ያየውን ሰፊ ባሕር፣ ማለትም ኡናባራን፣ ለሁሉም ስም አድርጎ ሰጣቸው ይባላል። መንደሩ ሁሉ በአንድ ስም ሲጠራ ደግሞ ስሙ ማንንም ከማንም አይለይም። ስለዚህ ሰው የሚታወቀው በቤቱ ነበር፦ ጨው ቤት፣ ጠማማው ጥድ፣ ላይኛው ምንጭ። እትዬ ኪኑኤ የጨው ቤት ልጅ ናቸው። የእኔ አባት ግን የጀልባ ሞተር ሊጠግን ሌላ የቤተሰብ ስም ይዞ ከወዲያኛው ዳርቻ መጥቶ የቀረ ሰው ስለነበር፣ ልጆቹ "ስም ያለው ያሱጂ!" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

ከዚያ ስሙን የሚይዙት እያነሱ መጡ። ጦርነቱ ብዙ ወንዶችን በላ። የተረፉት ወደ ኦሳካ ከተማ ፋብሪካዎች ሄዱ። ሴቶቹም አገቡና የባሎቻቸውን ስም ያዙ።

እትዬ ኪኑኤ ለአባታቸው አንድያ ልጅ ነበሩ። ከወዲያኛው ዳርቻ ሾሄይ የሚባል ጀልባ ሠሪ ወደዳቸው፤ እሳቸውም ወደዱት። አባትየው ግን አንድ ቃል ያዙ።

"ይምጣና ስማችንን ይያዝ። አለዚያ አይሆንም።"

"እሱም እኮ የበኩር ልጅ ነው፤ የአባቱን ስም መጣል አይችልም፣ አባባ።"

"እነዚያስ?" አሉ አባትየው፣ በኮረብታው ላይ የተደረደሩትን የመቃብር ድንጋዮች በአገጫቸው እያሳዩ። "ነገ እዚያ ስሄድ ምን ብዬ ልመልስላቸው?"

ሾሄይ ጠበቀ፣ ጠበቀና ሌላ አገባ። እትዬ ኪኑኤ ማንንም አላገቡም። ስሙን ላለመጣል ብለው ቀሩ፤ ስሙም እሳቸው ላይ ሊያልቅ ሆነ። አባታቸው ከሞቱ፣ ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ ካለፉ በኋላ በደሴቱ ላይ የቀሩት ኡናባራ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እኔ ማዶ ለማዶ የምታመላልሰውን ጀልባ እነዳለሁ። ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ክሊኒክ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ስንመለስ፣ "ያሱጂ፣ ነርሷ ኡናባራ ብላ ስትጣራ ብቻዬን የምነሳ ይመስልሃል?" አሉኝ።

"ታዲያ ከማን ጋር ይነሳሉ፣ እትዬ?"

"ከኋላዬ ያሉት ወንበሮች ሁሉ ይንቋቋሉ። የሞቱት ሁሉ አብረውኝ ይነሳሉ። ዞሬ ለማየት ግን ደፍሬ አላውቅም።"

እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በሚቀጥለው ጊዜ ክሊኒኩ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ ነርሷ ተጣራች፦ "ኡናባራ!" እትዬ ኪኑኤ ተነሱ። ከኋላችንም የወንበር እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ። ፊታቸው ወረቀት መሰለ፤ ክንዴን ጨመደዱት።

ዞር ስል አንዲት ወጣት ሴት ትንሽ ልጅ ይዛ ቆማለች።

"ይቅርታ፣ እኔን መስሎኝ ነው" አለች፣ ግራ ተጋብታ።

"አንቺ የማን ቤት ነሽ?" አሉ እትዬ ኪኑኤ።

ማሆ ትባላለች። አያቶቹ ከጠማማው ጥድ ቤት ወደ ኦሳካ የሄዱ ሰው አግብታ ነበር፤ ከተፋቱ ቆይቷል። የማዶው ዓሣ ማሸጊያ ሥራ ስለሰጣት በቅርቡ መምጣቷ ነው።

"ከተፋታችሁ ስሙን ለምን አልመለስሽለትም?"

"ልጄ ሪን በትምህርት ቤት የምትጠራው በእሱ ነው፣ እማማ። ከእሷ የተለየ ስም እንዲኖረኝ አልፈለግሁም።"

"ከእኛ ወገን አይደለሽማ።"

"አይደለሁም" አለች ማሆ።

እትዬ ኪኑኤ ጎንበስ ብለው ልጅቷን አዩአት። ከዚያ፣ "በነሐሴው በዓል ሙታን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ልጅቷን ይዘሽ ነይ" አሏት።

መጡም። ፋኖስ ይዘን ወደ ኮረብታው ወጣን። ሪን ማንበብ የለመደችው በቅርቡ ነው፤ ድንጋዮቹን በጣቷ እየነካች "ኡናባራ፣ ኡናባራ፣ ኡናባራ" እያለች ወጣች። ድንገት ቆመች። ወደ ታች ሮጣ የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች።

"እማዬ፣ እዚህ ሁሉ ቦታ የተቀበርኩት እኔ ነኝ?"

ማሆ ልጇን አቅፋ ወደ ጀልባው ወረደች። እትዬ ኪኑኤ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። "እዩዋት እኮ" አሉ ለድንጋዮቹ። "ጠርታችኋለች።"

ከዚያ በኋላ ለልጅቷ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር ምግብ ማድረቅ፣ በስልክም ከእሷ ጋር ማውራት ሆነ ሥራቸው። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ማሆ ደወለች፤ እኔም እትዬ ኪኑኤ ቤት ነበርኩ። ልታገባ ነው። ሰውየው ደግ ነው፤ ሪንም የእሱን ስም ልትይዝ ፈልጋለች።

"ጥሩ ነው" አሉ እትዬ ኪኑኤ። "ልጅ ከሕያዋን ጋር ትደግ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ።" ከልባቸው ነበር ያሉት። ስልኩን ዘግተው ወደ ኮረብታው ብቻቸውን ወጡ፤ ሙታኑን ምን ብለው እንደነገሯቸው አላውቅም።

በማግስቱ ዓሣ ላደርስላቸው ብሄድ በሩ አልከፈት አለኝ። በደሴታችን በሩን የሚቆልፍ ሰው የለም። አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"ያሱጂ ነኝ፣ እትዬ።"

"ስምህን ሙሉውን ንገረኝ።"

ከነቤተሰቤ ስም ነገርኳቸው። መቀርቀሪያው በቀስታ ተንሸራተተ። አዲስ ነበር፤ ራሳቸው ናቸው የመቱት።

"ምን ሆነው ነው?" አልኳቸው።

ከትከሻዬ በላይ ወደ ኮረብታው አዩ።

"እነዚያ እስከ ዛሬ የሚጠብቁት ነገር ነበራቸው" አሉ። "አሁን ምን እንደሚያደርጉ አላውቅማ።"