የታጠቡት ገሎች

አባቴ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም። ፌርፋክስ ሰፈር የሰው መኪና ሲያቆም ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁ የሚይዘው አጥቷል፤ የኔን ቁምሳጥን ሳይቀር ደጋግሞ አስተካክሎልኛል። ያን ቀን ከሐኪም ስመልሰው ፓሳዴና ያለው መሥሪያ ቤቴ ጎራ አልን። አለቃዬ ስትጠራኝ ሲንኩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ሥር ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት።

"አባዬ፣ እዚህ ዌይት አድርገኝ፤ አሁን እመጣለሁ።"

የኔ ሥራ ስባሪ ማየት ነው። ስፔኖች ካሊፎርኒያን በያዙበት ዘመን ከነበረ የቄሶች ሰፈር የተቆፈረ የሸክላና የጠርሙስ ስባሪ እለያለሁ፣ እመዝናለሁ። የአገሬው ሴቶች የቄሶቹን የወይን ጠርሙስ ሰብረው፣ ጠርዙን ፍቀው ቢላ አድርገውታል፤ እሱን ሳይ ደስ ይለኛል። ከሁሉ የምንሳሳላቸው ግን ከአንድ ድስት የተረፉ ገሎች ነበሩ። ውስጣቸው ላይ ያረረ ምግብ ተጣብቋል። ሴቶቹ ያበስሉ የነበረው የእናቶቻቸውን የዛፍ ፍሬ ገንፎ ነበር ወይስ ቄሶቹ ያዘዟቸውን? መልሱ ያረረው ላይ ነበር። የሴቶቹ ዘር የሆኑ አንድ ባልቴት በማግስቱ መጥተው ሊያዩት ቀጠሮ ይዘዋል።

ስመለስ ገሎቹ ፎጣ ላይ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ የሳህን ሳሙና ይዟል።

"ይኼን ሁሉ ቆሻሻ ይዘሽ ነው እንዴ የምትሠሪው? አጠብኩልሽ።"

ጮህኩበት። ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ጮህኩበት። ምን እንዳጠፋ ሲገባው ፎጣውን አጣጥፎ አስቀመጠ።

በማግስቱ ካልመጣሁ ብሎ ድርቅ አለ። ባልቴቷ ገብተው እንደተቀመጡ፣ አባቴ ሳያውቅ ገሎቹን እዚሁ ሲንክ ላይ እንዳጠባቸው በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። አንዱን ገል አንስተው አገላበጡት። ይሄኔ አባቴ ወጣ ብሎ ከፓርኪንጉ ዳር ያነሳውን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ተመለሰና እግራቸው ሥር አጎነበሰ። አገር ቤት የበደለ ሰው እንዲህ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። እዚህ ግን አለቃዬ አፏን ከፍታ ታያለች፣ አንዱ ባልደረባዬ ደግሞ አምቡላንስ ልጥራ ይላል። በአባቴ አፈርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ይማሩኝ እናቴ" አለ ቀና ሳይል። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ የለችበትም፣ በያቸው።"

ተረጎምኩ። ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለው ሰው መሆኑንም ፊቴ እየነደደ አስረዳኋቸው። ባልቴቷ ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው አነሱለት፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ወደ እኔ ዞሩ።

"መታጠብ ከሌለበት ሲንኩ አጠገብ ማን አመጣው?"

እኔ ነበርኩ። አለቃዬ ስትጠራኝ ተጣድፌ፣ ገሎቹን ምልክት እንኳ ሳላደርግባቸው፣ ከሚታጠቡት ስባሪዎች ጋር ትቻቸው ነው የሄድኩት። ሌሊቱን ሁሉ ይህንኑ ሳስብ አድሬ፣ ለባልቴቷ ስነግራቸው ግን አባቴን ብቻ ከሰስኩ።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው።

አባቴ ወገቡን ይዞ ሊቃና እየታገለ "ምን አሉሽ?" አለኝ። የጠየቁኝንም የመለስኩትንም ነገርኩት።

"አውቃለሁ እኮ" አለ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ታዲያ ምን አስወራሽ?"