በየደቂቃው የሚጠይቀው ዲስክ

አብዱልፈታህ ግትር ነው። ልወቅሰው ብዬ አይደለም፤ ፒያሳ ላይ የኔ ፎቶ ኮፒ ቤትና የሱ ጌም ቤት አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ አመሉን አውቀዋለሁ። አራት ኮምፒውተር አለው፤ ልጆች በሰዓት እየከፈሉ ይጫወቱበታል። በ2004 ዓ.ም. የሰፈሩ ጌም ቤት ሁሉ ማቴዎስ ከሚባል ነጋዴ ኮፒ ዲስክ እየገዛ ሲሠራ፣ እሱ ከኮምፒውተሮቹ ጋር በመጡ ጥቂት አሮጌ ጌሞች እየሠራ አሻፈረኝ አለ። «እትዬ ዘነበች፣ የሰው ሐቅ እኮ ነው፤ ሐራም ነው» ይለኛል። «ታዲያ እኔ የሰው መጽሐፍ ኮፒ ሳደርግ ገሃነም ልገባ ነው?» ስለው ይስቃል እንጂ ንቅንቅ አይልም።

ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራው እህቱ ፈትያ ይህን አመሉን ታውቃለች። አንድ ቀን ኦሪጅናል የመኪና እሽቅድምድም ጌም ከነሳጥኑ በሰው እጅ ላከችለት። ወይ ደስታ! «ኦሪጅናል ገብቷል» ብሎ በሩ ላይ ለጠፈ፤ ያተምኩለት እኔው ነኝ። ማዶ ያሉ ሁለት ጌም ቤቶችም «ካማረለት እኛም እናስመጣለን» ብለው ጠበቁ።

ዲስኩ ግን ገና ሲከፈት ኢንተርኔት አምጡ አለ። እኛ ጋ ደግሞ ኔትወርክ ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። አብዱልፈታህ ነገሩ የቀበሌ ጉዳይ መሰለው፤ አንዴ ማህተም ከተመታ ያለቀ። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ታክሲ ላይ ጭኖ፣ አዲስ ከተማ ኢንተርኔት ቤት ያለው ጓደኛው ዘንድ ወሰደው። እዚያ ሠራ! እየዘፈነ መለሰው። ቤቱ ሲያበራው ግን እምቢ። ለካ ይሄ ጉድ አንዴ ጠይቆ አይበቃውም፤ በየደቂቃው «እውነት ገዝተኸኛል?» እያለ ባሕር ማዶ ካሉ ሠሪዎቹ ያጣራል። መልስ ካጣ ልጁን መሪ እንደያዘ ያስወጣዋል።

ለአረፋ ሞደም ተውሶ ውድድር ጠራ። አንደኛው ዙር ሳያልቅ ኔትወርኩ ሄደ። መጣ፤ ደግሞ ሄደ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ተነጫነጩ፣ ከዚያ ተያይዘው ሌላ ጌም ቤት ገቡ። እዚያ ያው ጌም፣ ቁልፉ ተሰብሮ የተገለበጠው፣ ያለ ኔትወርክ ይከንፋል። ሲጠብቁ የነበሩት የማዶዎቹ ሁለት ጌም ቤቶችም ኦሪጅናል ማስመጣቱን ትተው ከማቴዎስ ገዙ። እኔ በገንኩ። የገዛ እየተቀጣ የሰረቀ የሚዝናናበት፣ ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

በወሩ አብዱልፈታህም ማቴዎስ ዘንድ ሄደ። ኮፒውን ይዞ ሲመለስ ቀና ብሎ አላየኝም። የፈትያን ሳጥን ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

በ2006 ፈትያ ለእረፍት መጣች። ልጆቹ ሲነዱ አይታ፣ «የኔ ነው አይደል?» አለችው ፊቷ በርቶ። በሩ ላይ ቆሜ በሆዴ «አዎ በላት፣ ምን አለበት» እላለሁ።

«አይደለም» አላት። «ይሄ የተሰረቀው ነው። ያንቺ በየደቂቃው ሌባ ነህ ወይ እያለ አላሠራ አለኝ።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሳጥን አየችው። «እመቤቴም ገበያ ስትልከኝ በየአሥር ደቂቃው ትደውላለች» አለች። «ካላነሳሁ ሌባ ነኝ። አምስት ዓመት ሠርቼላት።»

እንባዬ መጣ፤ ምን ልደብቅ። አብዱልፈታህ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና፣ «በቃ፣ አትመለሺም» አላት።

አልተመለሰችም። አሁን ጌም ቤቱ ውስጥ ሰዓት የምትይዘው እሷ ናት። ሰዓቱ ያለቀበትን ልጅ ዙሩን ሳይጨርስ አታስነሳም።