የማይፎክሩት ባለ ሜዳሊያ

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ደባርቅ አስጎብኚ ሆኜ ስሠራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር አውሮፕላን አብራሪ የነበሩ ካናዳዊ ሽማግሌ ይዤ የጎረቤት ሠርግ ገባሁ። ሰውዬው ኮታቸው ላይ ሜዳሊያ ደርድረዋል።

አጠገባችን የተቀመጡት አርበኛው ባሻ ተድላ ብድግ ብለው በጣሊያን ላይ የሠሩትን ፎከሩ። ከዚያ ወደ እንግዳዬ ዞረው «ተራው የእሱ ነው» አሉ።

ካናዳዊው አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ምንም አልሠራሁም፤ ጀግኖቹ ያልተመለሱት ጓደኞቼ ናቸው።»

እንዳሉት ተረጎምኩ።

«ሜዳሊያ አንጠልጥሎ የማይፎክር ወንድ የት አገር አለ? ከገበያ ገዝቶት ነው!» አሉ ባሻ።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እንግዳ እንዲህ ይዋረዳል? ተናድጄ «ኧረ ስለ እግዜር፣ አንድ ነገር ይበሉ!» አልኳቸው ካናዳዊውን።

«እሺ። ሊማሊሞ አናት ላይ የጣሊያንን ምሽግ ስንደበድብ፣ የእኔ ቦምብ ምሽጉን ስቶ በቅሎዎች የታሰሩበት ሜዳ ላይ ወደቀ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረጎምኩ።

ባሻ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። «ጣሊያን የቀማኝ ዳማ በቅሎዬ እዚያ ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ሠርገኛው ዞረው ጮኹ፦

«ሜዳሊያውስ የራሳቸው ነው! በቅሎዬን የገደሏት እሳቸው ናቸው!»