የማሕሩስ ርግብና ጥቁሩ ጉድጓድ

በካይሮ ሰፈራችን ሁለት ዓይነት ሊቅ አለ፤ ቡና ቤት ተቀምጦ የሚያውቅና ጣራ ላይ ቆሞ የሚያውቅ። ልብስ ተኳሹ ማሕሩስ ግን መቀመጥም መቆምም የማይሆንለት ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ መጣብን። ሱሪው ውስጥ ጉንዳን የገባበት ይመስል ይቁነጠነጣል።

በሽታው የያዘው ከስልኩ ነው። ካውያውን እየገፋ አንድ ተናጋሪ ስለ ጥቁር ጉድጓድ ሲያወራ ሰማ፦ ግዙፍ ኮከብ በገዛ ክብደቱ ተደርምሶ፣ ብርሃን እንኳ ገብቶ የማይወጣበት አፍ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሱሪ ሁሉ ሁለት ሁለት የካውያ መስመር አወጣ። ቀጥሎ ደግሞ ዓለም የተሠራችው ከሚንቀጠቀጡ ቀጫጭን ክሮች ነው የሚሉ ምሁራን እንዳሉ ደረሰበት። ክሮቹን ያየ ሰው እንደሌለ ሲነግረን ቡና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያላየነውን የማናምን ሕዝብ መሆናችንን ያን ቀን አወቅሁ፤ በማግስቱ ስለ ክፉ ዓይን ስናወራ ዋልን።

ሚስቱ ኢንሺራሕ በልጃቸው ስም እየጠራች «የሰሚሕ አባት፣ ሰማዩን ለባለቤቱ ተውና እጅጌውን ተኩስ» ትለዋለች።

ማሕሩስ እንደ ብዙዎቻችን ርግብ ያበርራል። ከሰዓት በኋላ መንጋውን ይለቅና ጣራው ላይ ካለው የእንጨት ማማ ሆኖ ባንዲራ እያወዛወዘ ያዞረዋል። ሁለት መንጋ ከተደባለቀ፣ የባዘነችው ርግብ ያረፈችበት ጣራ ጌታ ንብረት ትሆናለች። የተያዘች አትመለስም፤ መልሱልኝ ብሎ የለመነም ከዚያ በኋላ ከርግበኛ አይቆጠርም።

አንድ ቀን ባንዲራውን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የገባ ነገር የት እንደሚደርስ ሲያሰላስል፣ መንጋው ከሥጋ ሻጩ ሻፊ መንጋ ጋር ገጠመ። ሌሎቹ ተመለሱ። ከአፉ እህል እያጎረሰ ያሳደጋት ግራጫዋ ግን ሻፊ ጣራ ላይ አረፈች።

እንቅልፍ አጣ። የአንድ ሙሽራ ሱሪ አቃጠለ። በመጨረሻ ቡና ቤት መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው ሻፊን ለመነ።

ሻፊ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የገባ አይወጣም ያልከን አንተ አይደለህ እንዴ? እኔ ምን አጠፋሁ?»

ሳቅን። ማሕሩስ፣ ጉድጓዱ ቀስ በቀስ ትንሽ ትንሽ ያፈሳል የሚሉም እንዳሉ ሊያስረዳ ሞከረ።

«እንግዲያው ቁጭ ብለህ ጠብቃታ፤ መቀመጥ ከሆነልህ።»

ሻፊ ሥጋ ሻጭ ነውና አጥንቱን ሳይግጥ አይለቅም። ማሕሩስ ጥቁር ጉድጓድም ክርም የለም፣ ያወራሁት ሁሉ ቅዠት ነው ብሎ እዚሁ ከተናገረ፣ ርግቢቱን አሁኑኑ እንደሚያመጣለት ማለ። ይህ ምን ይከብዳል? እኔ ብሆን ለርግቢቱ ቀርቶ ለእንቁላሏም እናገር ነበር።

ማሕሩስ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ።

«ክሩን ልተውልህ» አለ። «እሱን ማንም አላየውም፤ ላይኖርም ይችላል።»

«ጉድጓዱስ?»

ላቡን ጠረገ። «ጉድጓዱ አለ፣ ወንድሜ። ምን ላድርግልህ?»

ብሎ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስቅ ጠፋ።

ባለፈው ሳምንት ሱሪዬን ልወስድ ብሄድ ሱቁ ክፍት ነው፤ ሰው የለም፤ ካውያው አንድ ሸሚዝ ላይ ተተክሎ ይጨሳል። ቀና ብል፣ ማሕሩስ ማማው ላይ ባንዲራውን እንደ እብድ ያወዛውዛል። የሻፊ መንጋ በላዩ ዞረ። ግራጫዋ ከመካከል ወጣ አለች፣ ዝቅ አለች፣ ከዚያ ተመልሳ ገባች።

«ዛሬ ቀረብ ብላለች!» አለኝ ከላይ።

ካውያውን ላነሳ እጄን ሰደድኩ። ሸሚዙ የሻፊ መሆኑን ሳይ ተውኩት።