ለታከለ ችግኞች የተሸከምኩት ውሃ

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ እዚሁ ጎንደር ነው። እስከ ዛሬ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም። ከልቤ አልወጣ ያለኝ ስለተቀጣሁበት አይደለም፤ ስለተመሰገንኩበት ነው።

እኔ ግንበኛ ነኝ። ታከለም ግንበኛ ነበር፤ ድንጋይ አጠራረብ ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ ዘንድ ሲመጣ ቱንቢ አያያዝ እንኳ አያውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ከተማው በቤት እጦት ተጨንቋል። ሸማኔው፣ ተሸካሚው፣ ደመወዙ ትንሽ የሆነው ጸሐፊ ሁሉ በሰው ጓዳ ተጠግቶ ነው የሚኖረው። ማዘጋጃ ቤቱ ከቀሃ ወንዝ ማዶ መሬት ከለለና ሁለታችንን ጠርቶ፣ «የድሃ አቅም የሚችለው ቤት ፕላን አውጡ። አራት አራት ቤት ሠርታችሁ አሳዩን። ሕዝቡ የወደደው ይሠራል፤ ባለ ፕላኑም የሥራው ሁሉ አለቃ ይሆናል» አለን። አለቅነቱ የእኔ ለመሆኑ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

እኔ ጣሊያኖች ሲሠሩ እንዳየሁት ቤቶቼን በመንገዱ ዳር ቀጥ አድርጌ ደረደርኳቸው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። አንዲት ቅጠል አልነበረችበትም፤ ቅጠል ምን ሊሠራ!

ታከለስ ምን አደረገ መሰላችሁ? ከመሬቱ መካከል አንዲት ትልቅ ዋርካ ነበረች። ቤቶቹን በእሷ ዙሪያ አቆማቸው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፤ ሁሉም ከዚያው አካባቢ የሚገኝ። መካከሉን የሁሉም መስክ ይሁን ብሎ ተወው። ከየቤቱ ጀርባ ለጎመንና ለጌሾ የምትበቃ ጓሮ አወጣ፤ የኮክና የሎሚ ችግኝ ተከለባት። ከጣሪያ የሚወርደውን የክረምት ውሃ የሚያጠራቅም ጉድጓድ ሳይቀር ቆፈረ።

ሰው ለማየት ሲመጣ የእኔን ቤት በበሩ አንገቱን አስግጎ ያይና «ሸጋ ነው» ብሎ ያልፋል። ታከለ ዋርካ ዘንድ ሲደርስ ግን ቁጭ! ከጥላው አይነሳም። ሴቶቹማ «እዚህ ስጥ እናሰጣለን፣ እዚህ ልጆች ይጫወታሉ» እያሉ ገና ያልተሰጣቸውን ቤት ይከፋፈላሉ። አንጀቴ አረረ። እኔ ያስተማርኩት ሰው! እህል አልዋጥ አለኝ። እሱ ደግሞ ባየኝ ቁጥር «አያ ወርቁ፣ ምነው ከሳህ? አሞሃል እንዴ?» ይለኛል።

አንድ ቀን ሠራተኛው ሁሉ የሚሰበሰብበት ጠላ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ እማማ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ ወሬ በማዳረስ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ያቺ ዋርካ ቆሌ አለባት አሉ። አጠገቧ የሚኖረውን ሰው እንጃለት!» አልኳቸው። ሰው ፈርቶ ይሸሻል ብዬ ነው። ስሜን እንዳያነሡ አስማልኳቸው፤ አማተቡ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በሳምንቱ ብሄድ ጉድ ፈልቷል። የዋርካዋ ግንድ በቅቤ ተለውሷል፣ ሥሯ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ፈንድሻ ተበትኗል። የሸሸ ሰው የለም። እንዲያውም «አድባር ያለችበት ቤት ይሻላል» ተብሎ ለታከለ ቤቶች የሚመዘገበው ሰው እጥፍ ሆነ። በገዛ አፌ! ግንባሬን መታሁ።

ወሬው ግን ካህናቱ ዘንድም ደረሰ። የአጥቢያው አለቃ ተቆጡ። «ክርስቲያን ለዛፍ ቅቤ ይቀባል? ሁዳዴ ሳይገባ ትቆረጥ!» አሉ። ማዘጋጃ ቤቱም ዋርካዋ ከተቆረጠች የእኔን ፕላን እንደሚይዝ ነገረኝ። በዛፍ ዙሪያ የተሠራ ቤት ያለ ዛፉ ምን ይሆናል? አልዋሽም፣ ያን ቀን ጮቤ ረገጥኩ።

በማግሥቱ ታከለ ቤቴ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አያ ወርቁ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ይሰሙሃል። አለቃ ዘንድ አብረኸኝ ግባና ለምንልኝ» አለ። «ይህን ወሬ ማን እንዳመጣብኝ እንጃ። ጠላት ያለኝ አልመሰለኝም ነበር።»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

እሱን ሸኝቼ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ሂድና ለታከለ ንገረው» አሉኝ።

«አባቴ፣ ከዚያስ ሞቴን እመርጣለሁ።»

«እንግዲያስ ለሴትዮዋ ውሸት መሆኑን ትናገራለህ። አለቃን እኔ አነጋግራለሁ። ዝናብ እስኪጥል ድረስ ደግሞ ጠዋት ጠዋት፣ እህል ሳትቀምስ፣ ለችግኞቹ ከቀሃ ውሃ ትቀዳለህ።»

«ለታከለ ችግኞች?»

«ለማን ነበር ታዲያ?»

እማማ ጥሩነሽ አላመኑኝም። «ቆሌዋ አስፈራርታህ ነው የካድከው» ብለው ሳቁብኝ። ደግነቱ አለቃ በንስሐ አባቴ ልመና ራሩ። ዋርካዋን ጠበል ረጩ፣ ከእንግዲህ ቅቤ የሚቀባትን ገዘቱና ተዉአት።

እኔም ሁለት ባልዲ ይዤ ቀሃ መውረድ ጀመርኩ። የታከለ ጉድጓድ የተቆፈረው ክረምት ካለፈ በኋላ ስለሆነ ባዶ ነው። ወንድ ውሃ ሲቀዳ አይተው የማያውቁት ሴቶች ይጠቋቆሙብኛል። እያንዳንዷን ችግኝ ሳጠጣ በሆዴ «ድረቂ!» እላታለሁ። አንዷም አልደረቀች። ታከለ አንድ ጠዋት አየኝና አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«ምነው አያ ወርቁ፣ ይህን ሁሉ ለእኔ?»

«ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ» አልኩት፤ ቁርስ ቢያቀርብልኝም እንቢ አልኩ። ትሕትና መሰለው።

ዝናብ ሲጀምር ጓሮዎቹ ለምልመው ነበር። ሹሞቹ መጥተው የታከለን ፕላን መረጡ፤ አለቅነቱም የእሱ ሆነ። ይህንንስ ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት እጄን ይዞ ሕዝቡ ፊት ማውጣቱን ነው። «ቤቱን እኔ ሠራሁ። ልምላሜው ግን የዚህ ሰው ነው። ተወዳዳሪዬ ሆኖ ሳለ በባዶ ሆዱ ውሃ ተሸከመልኝ። እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ።

እልልታው ቀለጠ። «ያስወራሁብህ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በእሱ አለቅነት ሥር አብረን ሠራን። ልጁን ክርስትና አነሣሁለት። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የውሃውን ነገር ያወራለታል፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ። አምና አረፈ። ምንም ሳያውቅ ነው ያረፈው።

ቅናቴ ግን አብሮት አልተቀበረም። አሁን የምቀናው በታከለ አይደለም። ታከለ ዕድሜውን ሁሉ ለሰው ሲያወራለት በኖረው፣ በዚያ በአያ ወርቁ ነው።